ቲኤስፒ፦ ሳታውቁት የተከፈተላችሁ ሒሳብ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥራ ከጀመረች ገና አንድ ወር ያልሞላት እህት፣ የመጀመሪያ ፔይ ስታቧን (የደሞዝ ዝርዝር ወረቀቷን) ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። የተቀጠረችው በዓመት 60,000 ዶላር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሲከፋፈል 2,307 ዶላር ከ69 ሳንቲም ይመጣል። ከሥሩ ተቀናሾቹ ተደርድረዋል። ለሶሻል ሴኩሪቲ 143 ዶላር ገደማ፣ ለሜዲኬር 33፣ ፈርስ ለሚባለው ጡረታ 101፣ ከዚያ የፌዴራሉና የሜሪላንዱ ታክስ። ጣቷ ያረፈው ግን አንዲት መስመር ላይ ነው። «ይቺ ቲኤስፒ የምትባለው 115 ከ38 ምንድን ናት? እኔ እኮ ቁረጡልኝ አላልኩም።»

እውነቷን ነው፣ አላለችም። ከጥቅምት 1 ቀን 2020 ወዲህ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቀጠረ የፌዴራል ሠራተኛ ቲኤስፒ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ሳይጠየቅ ይመዘገባል፣ ከደሞዙም 5 በመቶ ይቆረጣል። የማይፈልግ ካለ አስቁሙልኝ ማለት ያለበት እሱ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ከጠየቀ ያዋጣውም ይመለስለታል። እሷም ልታስመልሰው አስባ ነበር። ታክስ መስሏት ነበራ።

በ2025 በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የፌዴራል ሠራተኞች ሥራ ሲለቁና ሲቀነሱ ስለዚህ ሒሳብ የሚወራው ነገር በዝቷል። «ሥራ ከለቀቅክ ይወረሳል»፣ «መንግሥት ይበደረዋል»፣ «ቶሎ አውጥቶ ቤት መግዛት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ እንየው።

ቲኤስፒ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ትሪፍት ሴቪንግስ ፕላን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1986 ባወጣው ሕግ ተፈጥሮ በ1987 ሥራ ጀመረ። አገር ቤት በድርጅት ወይም በኤንጂኦ የሠራ ሰው ፕሮቪደንት ፈንድን ያውቃል፤ ሠራተኛው ያዋጣል፣ ቀጣሪው ይጨምርበታል፣ ገንዘቡ በሠራተኛው ስም ይቀመጣል። ቲኤስፒም በዚያው መንገድ የሚሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በግል ኩባንያ የሚሠሩት ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚሉት የፌዴራል ወንድሙ ማለት ነው። ከፕሮቪደንት ፈንድ የሚለየው ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ስለማይተኛ ነው። አክሲዮንና ቦንድ ይገዛበታል። ስለዚህ ያድጋል፣ አንዳንዴም ይወርዳል።

ጡረታ አለኝ አይደል? ይሄ ደግሞ ለምን?

እኛ ጡረታ ስንል የምናስበው የአገር ቤቱን ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደሞዙ 7 በመቶ ይከፍላል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ 60 ዓመት ሲሞላ በየወሩ የሚቆረጥለትን ይቀበላል። በስሙ ተቀምጦ ሲያድግ የሚያየው ሒሳብ ግን የለውም።

የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኛ ጡረታ ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ነው። አንዱ ጉልቻ ፈርስ የሚባለው የመንግሥት ጡረታ ነው። (ለአማርኛ ጆሮ ፈረስ ፈረስ ይላል፤ አካሄዱ ግን የበቅሎ ነው፣ ዝግ ያለና የማይደነብር።) ሁለተኛው አሜሪካ ውስጥ በቂ ጊዜ የሠራ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ሦስተኛው ቲኤስፒ።

እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉልቻዎች የሚቆጥሩት ዓመት ነው። ፈርስ የሚሰላው ከፍተኛ ደሞዝ በተከፈላችሁባቸው ተከታታይ ሦስት ዓመታት አማካይ ላይ፣ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1 በመቶ እየታሰበ ነው። 62 ዓመት ሞልቷችሁ 20 ዓመት ያገለገላችሁ ከሆነ 1.1 በመቶ ይሆናል። በ22 ዓመቱ የተቀጠረ የኦሃዮ ልጅ 40 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የእኛ ሰው በዲቪ ወይም በስደት መጥቶ፣ ፓርኪንግ ሠርቶ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ትምህርት ጨርሶ፣ ዜግነት እስኪያገኝ ጠብቆ የፌዴራል በር ሲከፈትለት ዕድሜው 42 ደርሷል። 20 ዓመት ሠርቶ በ62 ቢወጣና አማካይ ደሞዙ 70,000 ዶላር ቢሆን፣ የፈርስ ጡረታው በዓመት 15,400 ዶላር ነው። በወር 1,283 ዶላር፣ ያውም ታክስና ሌላው ተቀናሽ ሳይነካው። በዲሲ አካባቢ ለአንድ መኝታ ቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃበት ሰፈር ብዙ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲም እንደዚያው ነው። የሚያሰላው ብዙ ገቢ ያገኛችሁባቸውን 35 ዓመታት ይዞ ነው፤ 35 ካልሞላችሁ የጎደለው ዓመት ዜሮ ተብሎ ይገባና አማካዩን ይጎትተዋል። በ35 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሰው ይሄ ዜሮ ይጠብቀዋል።

ቲኤስፒ ግን ዓመት አይቆጥርም፣ ገንዘብ ነው የሚቆጥረው። ዘግይቶ የደረሰ ሰው የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው በዚህኛው ጉልቻ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያስነሳኝም ይሄው ነው።

እኔስ አለኝ?

የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ መሥራት ብቻውን የፌዴራል ሠራተኛ አያደርግም። የጥበቃው፣ የጽዳቱ፣ የካፌቴሪያው ሠራተኛ በአብዛኛው የኮንትራክተር ተቀጣሪ ነው፤ ያ ሰው ካለው ያለው የቀጣሪው ፎር ኦ ዋን ኬይ ነው። የዲሲ ከተማ አስተዳደር ወይም የካውንቲ ሠራተኛም የራሱ ሌላ ዕቅድ እንጂ ቲኤስፒ የለውም። ፖስታ ቤት ያሉ ወገኖች ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ቋሚ የሆነው ሠራተኛ ቲኤስፒ አለው፣ በረዳትነት ገብቶ ቋሚነት የሚጠብቀው ገና አይጀመርለትም። ቋሚ የሆናችሁ ዕለት ግን ይጀመራል። ውትድርና ውስጥ ያሉ ልጆችም አላቸው፤ በአዲሱ የጡረታ ሥርዓት ላሉት መንግሥት ማች ማድረግ (በመዋጯቸው ልክ መጨመር) የሚጀምረው ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፔይ ስታቡ ላይ ፈርስም ቲኤስፒም ካሉ፣ አላችሁ።

«ማች» ሲባል ምን ማለት ነው?

እናንተ ስታዋጡ መሥሪያ ቤቱም እኩል ያዋጣል ማለት ነው፤ እስከ ተወሰነ መጠን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ምንም ባታዋጡ እንኳ መሥሪያ ቤቱ የደሞዛችሁን 1 በመቶ በራሱ ያስገባል። እናንተ ከምታዋጡት በመጀመሪያው 3 በመቶ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ዶላር ይጨምራል። በቀጣዩ 2 በመቶ ላይ ለእያንዳንዱ ዶላር ግማሽ ዶላር ይጨምራል። ስለዚህ 5 በመቶ ያዋጣ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ 5 በመቶ ያገኛል። 3 ያዋጣ 4 ያገኛል። ምንም ያላዋጣ 1 ብቻ። ከ5 በላይ ብታዋጡ ገንዘቡ ይገባል፣ ማቹ ግን 5 ላይ ቆሟል።

በእቁብ እናስበው። በእቁብ የምታወጡት ያዋጣችሁትን ያህል ነው፣ ጥቅሙ በአንድ ላይ መምጣቱ ነው። 115 ዶላር በጣላችሁ ቁጥር ዳኛው ከራሱ ኪስ ሌላ 115 የሚጨምርበት እቁብ ቢኖር ማን ይቀራል?

እኔ ግን ስድስት ዓመት ቀርቻለሁ። በ2012 ስቀጠር አውቶማቲኩ 3 በመቶ ነበር (ከነሐሴ 2010 እስከ መስከረም 2020 የተቀጠርን ሁላችንም እንደዚያ ነን)። እኔም «መንግሥት የወሰነልኝ ነው፣ ትክክሉ ይሄ ነው» ብዬ ተውኩት። ማንም 5 አድርገው አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የዚያን ጊዜ ደሞዜ በአማካይ 45,000 ነበር። በየዓመቱ 450 ዶላር፣ በስድስት ዓመት 2,700 ዶላር ማች ሊሰጠኝ ተዘጋጅቶ ሳልቀበለው አለፈኝ፤ ቢገባ ኖሮ የሚወልደውን ሳይጨምር። ከጥቅምት 2020 በፊት የተቀጠራችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ፔይ ስታባችሁን እዩ። 3 በመቶ የሚል ከሆነ የእኔ ዓይነት ናችሁ።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ማቹ የሚሰላው በየደሞዙ ነው። በ2026 አንድ ሰው ከደሞዙ ሊያስገባ የሚችለው ጣሪያ 24,500 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት የሞላው 8,000 መጨመር ይችላል፣ ከ60 እስከ 63 ዕድሜ ላይ ያለ ደግሞ 11,250። ጎበዝ ቆጣቢ ሆኖ ጣሪያውን በነሐሴ የነካ ሰው ከመስከረም ጀምሮ የሚያዋጣው ስለማይኖር ማችም አይኖረውም። 26 ደሞዝ ባለበት ዓመት ጣሪያውን ለመሙላት ለሚፈልግ 942 ዶላር በየደሞዙ ይበቃዋል። አብዛኞቻችንን የሚያሳስበን ጉዳይ አይደለም፣ ግን ባልና ሚስት ተቀናጅተው አጥብቀው የሚቆጥቡ አውቃለሁና ላንሳው ብዬ ነው።

ከእጄ ላይ ስንት ይጎድላል?

የዚያችን እህት 115 ከ38 እንውሰድ። በትራዲሽናል መንገድ ስትቆጥብ (እሱን ቆይተን እናየዋለን) ይህ ገንዘብ ገና ታክስ ሳይቆረጥበት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ታክሷም አብሮ ይቀንሳል፤ እጇ ላይ በተግባር የሚጎድለው 100 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሒሳቧ ውስጥ የሚገባው ግን ከመሥሪያ ቤቷ ድርሻ ጋር 230 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው።

በዓመት 6,000 ዶላር ማለት ነው፣ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የመንግሥት። ደሞዟ ምንም ሳይጨምር፣ ገንዘቡ በዓመት 6 በመቶ እያደገ ቢሄድ ብለን እናስላ። 6 በመቶው የእኔ መገመቻ ነው፣ ማንም ቃል የገባው ነገር የለም። በ20 ዓመት 220,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በ30 ዓመት 474,000 ገደማ። ከኪሷ የወጣው በ20ው ዓመት 60,000፣ በ30ው 90,000 ብቻ ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት የተጨመረው ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት በሙሉ ይበልጣል፤ ትርፉ ራሱ ሌላ ትርፍ ስለሚወልድ። «አሁን ለአገር ቤት የምልከው አለ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቼ እጀምራለሁ» የሚል ሰው የሚያጣው የሁለት ሦስት ዓመት መዋጮ ይመስለዋል። የሚያጣው ከመጨረሻ ያሉትን፣ እነዚያን ወፍራሞቹን ዓመታት ነው።

የት ገብቼ ነው የምለውጠው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም በሩ ሁለት ነው።

ስንት ይቆረጥ የሚለው የሚወሰነው በመሥሪያ ቤታችሁ የደሞዝ ሥርዓት ውስጥ ነው። እንደ መሥሪያ ቤቱ ኢምፕሎዪ ኤክስፕረስ ወይም ማይፔይ ሊሆን ይችላል፤ የፖስታ ሠራተኞች በላይትብሉ በኩል ይገባሉ። ቲኤስፒ ደውላችሁ «5 በመቶ አድርጉልኝ» ብትሏቸው ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ነው የሚመልሷችሁ።

የተቆረጠው ገንዘብ ምን ይገዛበት፣ ማን ይውረሰው የሚለው ደግሞ የሚወሰነው በራሱ በቲኤስፒ ድረ ገጽ፣ ቲኤስፒ ዶት ጎቭ ላይ ነው። አዲስ ለገባ ሰው የሒሳብ ቁጥሩን የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይላክለታል። ማስታወቂያ መስሏቸው የጣሉት ሰዎች አሉ፤ አድራሻ የቀየራችሁ ደግሞ ለኤችአር (ለመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ አስተዳደር) ማሳወቃችሁን አረጋግጡ።

እዚያ ገብታችሁም አንድ ወጥመድ አለ። አንደኛው ትእዛዝ ከዛሬ ወዲያ የሚገባውን ብቻ ይመለከታል፣ ሌላኛው እስከዛሬ የተጠራቀመውን። በቧንቧና በበርሜል ልግለጸው። ቧንቧውን ወደ አዲስ በርሜል ብታዞሩት አዲሱ ውኃ እዚያ ይገባል፣ አሮጌው በርሜል ውስጥ ያለው ግን ባለበት ነው። እሱን ለመገልበጥ ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል። እኔ ቧንቧውን አዙሬ፣ ሁሉም የተዛወረ መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ ቆይቻለሁ።

ገንዘቤ ምን ላይ ነው የሚውለው?

አምስት መሠረታዊ ፈንዶች አሉ፣ በፊደል የሚጠሩ።

ጂ ፈንድ ለአሜሪካ መንግሥት የተሰጠ ብድር ነው። ለቲኤስፒ ብቻ የሚወጣ ልዩ የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛበታል፣ ወለዱ በየወሩ ይወሰናል፣ ዋናው ገንዘብ በጭራሽ አይቀንስም። «መንግሥት ይበደረዋል» የሚባለው ወሬ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ የዕዳ ጣሪያ (መንግሥት ሊበደር የሚችለው ከፍተኛ መጠን) ክርክር በተነሳ ቁጥር ግምጃ ቤቱ ለጊዜው የጂ ፈንድን ገንዘብ ኢንቨስት ማድረጉን ሊያቆም ይችላል፣ ጣሪያው ሲነሳ ግን ከነወለዱ እንዲተካ ሕጉ ያስገድደዋል። የእናንተ ሒሳብ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም።

ኤፍ ፈንድ የመንግሥትና የኩባንያ ቦንድ ነው። ቦንድ አይወድቅም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ 2022ን አንሱበት፤ ኤፍ ፈንድ በዚያ ዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወርዷል።

ሲ ፈንድ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ያሉ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን ነው፤ አፕልም ማይክሮሶፍትም ዋልማርትም እዚያ ውስጥ አሉ። ኤስ ፈንድ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ያሉት መካከለኛና ትናንሽ የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ አይ ፈንድ የውጭ አገር ኩባንያዎች።

በአክሲዮን ፈንዶቹ ላይ ሁለት ዓመት ብቻ ላሳያችሁ። በ2008 ሲ ፈንድ 37 በመቶ ገደማ ወደቀ፤ 100,000 የነበረው 63,000 ሆኖ አደረ። በ2013 ደግሞ ከ32 በመቶ በላይ አደገ፣ በዚያው ዓመት ጂ ፈንድ 2 በመቶም አልሞላም። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ለቀረው ሰው የመጀመሪያው ዓመት አደጋ ነው። ገና 20 ዓመት ለሚሠራ ሰው ግን የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው፣ ሳይኖርበት ያለፈው።

እኔ ሳልኖርበት አለፈኝ። ከመስከረም 2015 በፊት ሳይመርጥ የቀረ ሰው ገንዘቡ በቀጥታ ጂ ፈንድ ይገባ ነበር። «አልቀነሰም» እያልኩ ደስ ሲለኝ የዳቦው ዋጋ፣ የቤቱ ኪራይ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቀጠሩት ዕድለኛ ናቸው፤ ካልመረጡ የሚገባላቸው ኤል ፈንድ ነው።

ኤል ፈንድ ስድስተኛ ዓይነት ሳይሆን የአምስቱ ቅልቅል ነው። ስሙ ላይ ዓመት ተጽፎበታል፤ ኤል 2045 ማለት በ2045 አካባቢ ገንዘቡን መጠቀም ለሚጀምር ሰው የተሠራ ነው። ዓመቱ ሩቅ ሲሆን አክሲዮኑ ይበዛል፣ ዓመቱ ሲቀርብ ቀስ በቀስ ወደ ጂ ፈንድ ያዘነብላል። እናንተ ምንም ሳታደርጉ ራሱ ያስተካክላል። ዜና ተከታትሎ ፈንድ ለመቀያየር ጊዜም ፍላጎትም ለሌለው ሰው እኔ የምለው ይሄንኑ ነው።

መቀያየሩ ራሱ ገደብ አለው። በወር ሁለት ጊዜ እንደፈለጋችሁ ማዛወር ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ወደ ጂ ፈንድ ብቻ። ገበያው ሲወርድ ደንግጦ የሚያወጣ፣ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ የሚገባ ሰው በውድ ገዝቶ በርካሽ ሸጠ ማለት ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ወለድ ለማይቀበሉ ሙስሊም ወገኖች አንድ ቃል፦ ጂና ኤፍ ብድር ናቸው፣ ገቢያቸውም ወለድ ነው። አክሲዮን ፈንዶቹም ባንክና አልኮል ሻጭ ሳይለዩ ሁሉንም ይገዛሉ። ከቲኤስፒ ውጭ ወዳሉ ፈንዶች የሚያሳልፍ «ሚውቹዋል ፈንድ» የሚባል መስኮት አለ፤ የተወሰነ የገንዘብ መጠን ይጠይቃል፣ ክፍያውም ከሌላው ከፍ ይላል። ከሃይማኖት አባት ጋር መመካከር የሚያሻው ጉዳይ ነው።

ትራዲሽናል ወይስ ሮት?

ጥያቄው ታክሱን መቼ ልክፈል ነው። በትራዲሽናል ዛሬ አትከፍሉም፣ ስታወጡ በዋናውም በትርፉም ላይ ትከፍላላችሁ። በሮት ዛሬ ከፍላችሁ ታስገባላችሁ፤ 59 ዓመት ተኩል ከሞላችሁና የመጀመሪያውን የሮት መዋጮ ካስገባችሁበት ዓመት ጀምሮ አምስት ዓመት ካለፈ፣ ስታወጡ ትርፉም ሳይቀር ከፌዴራል ታክስ ነፃ ነው። ዘሩ ላይ መቀረጥ ወይስ አዝመራው ላይ እንደማለት ነው። ዛሬ ገቢው አነስተኛ የሆነና ወደፊት ያድጋል ብሎ የሚጠብቅ ወጣት ሮት ይስማማዋል፤ ዛሬ ከፍተኛ ደሞዝ ላይ ያለና በጡረታ ጊዜ ገቢው የሚቀንስ ሰው ትራዲሽናል። ሁለቱን መቀላቀልም ይቻላል። የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ግን እናንተ ሮት ብትመርጡም በትራዲሽናል በኩል ነው የሚገባው።

ቢቸግረኝ ማውጣት እችላለሁ?

ሥራ ላይ እያላችሁ መበደር ትችላላችሁ። ከራሳችሁ መዋጮና ከትርፉ፣ ቢያንስ 1,000 ቢበዛ 50,000 ዶላር። ወለዱ የጂ ፈንድ ወለድ ነው፣ የሚመለሰውም ወደ ራሳችሁ ሒሳብ ነው። ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ለራሴ ነው የምከፍለው፣ ምን ችግር አለው» ይባላል። ችግሩ ገንዘቡ ውጭ ባለበት ጊዜ ገበያው ቢያድግ እናንተ አለመኖራችሁ ነው። የባሰ ችግር ሲመጣ ለችግር ጊዜ ተብሎ የሚወጣም አለ፤ ያ ግን አይመለስም፣ ታክስ አለበት፣ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ለሆነ ሰው በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣትም ይጨመርበታል።

ሥራ ብለቅ፣ ወይም አገር ቤት ብገባስ?

አይወረስም። እናንተ ያዋጣችሁት የእናንተ ነው፣ ማቹም ከገባበት ቀን ጀምሮ የእናንተ ነው። ሊቀር የሚችለው ያ መሥሪያ ቤቱ በራሱ የሚያስገባው 1 በመቶና ትርፉ ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት ዓመት ሳትሞሉ ከለቀቃችሁ (ለአንዳንድ የሥራ መደቦች ሁለት)። ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ሌላ ሥራ ያገኘ ሰው ካለንደሩን አይቶ ቢወስን ይሻለዋል።

ከለቀቃችሁ በኋላ ገንዘቡ እዚያው መቆየት ይችላል፣ ማደጉንም አያቆምም። ብድር ያለበትም ሰው መክፈሉን መቀጠል ይችላል፤ ካልከፈለ ቀሪው እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይመጣበታል። 55 ዓመት በሞላው ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከሥራ የተለየ ሰው 10 በመቶው ቅጣት አይነካውም።

ይህችን የ55 ነገር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ሥራ የለቀቀ ሰው ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ገንዘብህን ወደ አይአርኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ወይም ወደ አኑይቲ (ከኢንሹራንስ ኩባንያ የሚገዛ የጡረታ ክፍያ) አዛውርልህ» የሚል፣ አንዳንዴም አማርኛ ተናጋሪ የሆነ፣ በለቅሶ ቤት የተዋወቃችሁት ሰው ይመጣል። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ኮሚሽን ግን አለው። ወደ አይአርኤ የተዛወረ ገንዘብ የ55ቱን መብት ያጣል፣ 59 ተኩልን ይጠብቃል። ቲኤስፒ ደግሞ ለአስተዳደር የሚወስደው ከ1,000 ዶላር ላይ በዓመት ከአንድ ዶላር በታች ነው። «አንተስ ከ1,000 ዶላር ስንት ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።

አገር ቤት የሚገባ ሰውም ሒሳቡን መዝጋት የለበትም። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ በየወሩ የሚፈልገውን ያህል ማውጣት ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ግን የአሜሪካ ታክስ ተከትሎት ይሄዳል። 73 ዓመት ሲሞላም (ከ1960 ጀምሮ ለተወለዱት 75) ሥራ የለቀቀ ሰው በየዓመቱ የተወሰነ መጠን የግድ ማውጣት ይጀምራል።

ብሞትስ ማን ይወስደዋል?

ያን ቀን ከዚያች እህት ጋር ድረ ገጹን ከፍተን ቤኔፊሻሪ (ወራሽ) የሚለውን ስንነካ ባዶ ነበር። ባዶ ሲሆን ሕጉ ራሱ ተራ ያወጣል። መጀመሪያ የትዳር ጓደኛ፣ ከሌለ ልጆች፣ እነሱም ከሌሉ ወላጆች። ኑዛዜ ጽፋችሁ ቢሆንም ቲኤስፒ ኑዛዜውን አያይም፤ የሚያየው በእጁ ያለውን ቅጽ ነው። የተፋታ ሰው የቀድሞ ሚስቱን ስም ከአሥር ዓመት በፊት አስገብቶ ረስቶት ከሆነ፣ ገንዘቡ ለእሷ ነው የሚሄደው። ቅጹም ሰውየው በሕይወት እያለ ቲኤስፒ ዘንድ መድረስ አለበት።

እሷ አላገባችም፣ ልጅም የላትም። ስለዚህ በሕጉ ተራ ገንዘቡ ለእናትና ለአባቷ እኩል ይደርሳል። አባቷን ካየችው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ያሳደገቻት ጎንደር ያለችው ታላቅ እህቷ ናት፤ ወላጆች እያሉ ደግሞ ተራው እሷ ጋ አይደርስም። ስሟን መጻፍ ጀመረችና ቆመች። የእህቷ ፓስፖርት ላይ ስሟ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ አታውቅም፣ የልደት ቀኗም በየወረቀቱ የተለያየ ነው። ጎንደር ሌሊት ቢሆንም ደወለችላት፤ «ፓስፖርትሽን አምጪና ፊደል በፊደል አንብቢልኝ» አለቻት።